ሲሊንደሩን ወደ ቤት አስገቡ ላላችሁን

ይድረስ፦ በከተማችን የደንብ ማስከበር፣ የንግድ ቁጥጥርና የእሳት አደጋ ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ለምትሸጡልን ነጋዴዎችና ግቢ ለምታከራዩ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኛ ደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ የምንኖር የአንድ እድር አባላት ነን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነን፤ ድንኳናችን አንድ ነው። ከመካከላችን ቁርስ ቤት ያላቸው አሉ። ቡና አፍልተው የሚያድሩ አሉ። ግቢ የሚያከራዩ አሉ፣ የሚከራዩም አሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ባለፈው ጥር በየግቢያችን በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደመጣ እናንተም እኛም እናውቃለን፤ ስሙን እዚህ መጥራት አላስፈለገንም። ወረቀቱ አጭር ነው። በበረንዳ፣ በአጥር ሥርና በመንገድ ዳር የሚታይ የጋዝ ሲሊንደርና ምድጃ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቤት ይግባ ይላል። ለከተማዋ ገጽታ ሲባል። ያላስገባ ይቀጣል።

አስገባን። ቅጣቱን ፈራን፤ ከተማችን ብታምርም ደስ ይለናል። ከዚያ ወዲህ ግን በእኛ እድር ውስጥ ብቻ ሦስት ቤት ጋዝ አፈትልኳል። አንድ ወጣት ተቃጥሏል። አንዲት ሕፃን ለጥቂት ተርፋለች። ሦስቱም ሲሊንደሮች ከጥር በፊት ውጪ ነበሩ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጋዙ ራሱ እንናገር። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ አይጽፈውም ነበር ብለን ከልብ እናምናለን።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ነው። በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኗል። ሲሊንደሩን ስትወዘውዙት ውስጡ የሚንቦጫረቀው እሱ ነው። ሲወጣ ወደ ጋዝነት ይለወጥና ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም። እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ወለል ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ሾልኮ ይሄዳል፣ ቦይ ካገኘ ቦይ ውስጥ ይገባል።

ከክፍሉ አየር 2 በመቶ ያህሉ ጋዝ ከሆነ እሳት ለመያዝ ይበቃል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች የኪራይ ክፍል አስቡ። አንድ ኪሎ ጋዝ በውስጧ ቢበተን ክፍሏ በሙሉ ለፍንዳታ ትደርሳለች። ትልቁ ሲሊንደር የሚይዘው ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ጋዙ ወለል ላይ ሲከማች ደግሞ አንድ ኪሎም አያስፈልገውም።

በረንዳ ላይ ያፈተለከ ጋዝ ነፋስ ይወስደዋል። ደሴ ደግሞ ነፋስ አታጣም። ቤት ውስጥ ያፈተለከ ግን የትም አይሄድም። የእኛን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ ስለማያስቀምጥ በሩም መስኮቱም ግጥም ብሎ ነው የሚያድረው። በበሩ ሥር ያለችውን ክፍተት እንኳ በጨርቅ እንደፍናለን።

አሁን ደግሞ እሳታችን የት እንደሆነ ተመልከቱ። እኛ ወሎ ውስጥ ቡና የምናፈላው መሬት ላይ ነው። ሣሩ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ የከሰል ማንደጃው ከአፍይዋ እግር አጠገብ ሆኖ። ዕጣኑም እዚያው ወለል ላይ ይጨሳል። ከአቦል እስከ በረካ ፍሙ አይጠፋም። ጋዙ የሚተኛው እዚያ ነው፣ ፍሙ ያለው እዚያ ነው፣ ሕፃኑ የሚድኸውም እዚያ ነው። ምድጃቸው ከወገብ በላይ የሆነ አገሮች ያወጡትን መመሪያ ብትተረጉሙልን እንኳ ይህንን አይነግረንም። የእኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው ሊነግረን የሚገባው።

ዕጣኑ ሌላም ጉዳት አለው፤ ሽታውን ይሸፍነዋል። ጋዙ በተፈጥሮው አይሸትም። እንደ ገማ እንቁላል የሚሸተው መርካፕታን የሚባል ነገር ሆን ተብሎ ስለሚጨመርበት ነው። ይህ ሽታ በብዙ ሕይወት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ በአንድ ትምህርት ቤት ሥር ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ተጠራቅሞ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ብልጭታው የመጣው አንድ መምህር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲያበራ ነው ተብሎ ይታመናል። ቴክሳስ ውስጥ ጋዝ ላይ ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ባስተማርሁ ቁጥር ያንን መምህር አስበው ነበር። አሁን ግን የማስበው የሰፈሬን ሰው ነው። እኛ ቤት በርበሬው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ደሴ ላይ የማይቀረው ጉንፋን አፍንጫችንን ሲዘጋው፣ ያ ሽታ ማንን ይቀሰቅሳል?

የደረሰብንን ልንገራችሁ።

መጋቢት ውስጥ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት አባላችን ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ማስታወቂያው ሲመጣ ሲሊንደሩን ከበረንዳ አንስታ አልጋው ራስጌ አስቀመጠችው፤ ሌላ ቦታ የላትም። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የገማ ነገር ሸተታት። "አይጥ የሞተ መሰለኝ" ነው ያለችኝ። በጨለማ ካርቶኖቹን ስታነሳ፣ ከአልጋ ሥር በእጇ ስትዳብስ ቆየች። አላገኘችም። ክብሪት ፍለጋ ተነሳች። ጎረቤቷ የሆኑት እናት ለቡና ሊጠሯት በሩን ከፈት ሲያደርጉ ሽታው ፊታቸውን መታቸው። "ልጄ፣ ክብሪቱን ተይው! ልጅቷን ይዘሽ ውጪ!" ብለው ጮኹ። ልጅቷ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ ነበር። ሲያነሷት ራሷን አዙሯት አስመለሳት።

ሲነጋ ተጠርቼ ሄድሁ። ሲሊንደሩን አውጥተን ሬጉሌተሩን፣ ማለትም አፉ ላይ የሚገጠመውን የግፊት መቆጣጠሪያ ስንፈታው፣ መጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ጥቁር ጎሚኒ ተሰንጥቃለች። ስንጥቋ የጥፍር ምልክት ነው የምትመስለው። ይህን ስጽፍ ጎሚኒዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። በጣቴ ሳጎብጣት ስንጥቁ ይከፈታል፣ ስለቃት ይዘጋል። አዲስ ሲሊንደር ሲቀየርላት የሸጠላት ሰው ለአንድ አፍታ አይቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁለተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ሰፈራችን እንደ ደረጃ ነው፤ የአንዱ ቤት ወለል ከሌላው ቤት ጣሪያ ጋር ይተካከላል። ላይኛው ግቢ ያፈተለከው ጋዝ በፍሳሽ ቦዩ ወርዶ ታችኛው ቤት ሸተተ። የታችኞቹ የራሳቸው መስሏቸው ሲሊንደራቸውን ዘጉ። ሽታው አልጠፋም። ልጃቸው ስልኩ ላይ ባየው ምክር መሠረት ከላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፈቱ። ያ ምክር ለተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ እሱ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። የእኛው ግን በእግራቸው ሥር ተኝቶ ነበር። በሩን ከፍተው እስኪወጡ ሰዓት ሄደ። ምንም አልሆኑም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሦስተኛው ላይ ግን መቆም አለብን።

አንድ አባላችን ትንሽ ቁርስ ቤት አለው። ፉል፣ ዕንቁላል፣ ሻይ ነው የሚሸጠው። የሚያግዘው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ሲሊንደሩ ድሮ ከቤቱ ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። ጎማው በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ምድጃው ይገባል። ደህና አቀማመጥ ነበር። ማስታወቂያው ሲመጣ ሲሊንደሩን ከባንኮኒው ሥር አስገቡት። ጎማው የጋዝ ጎማ አልነበረም፤ የውሃ ጎማ ነው። "ያው ነው" ተብሎ የተሸጠላቸው ነው። የውሃ ጎማ በጋዝና በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፋሼታ የሚባለው የብረት ማጥበቂያ አልነበረውም፤ በሽቦ ነው የታሰረው። ሌሊቱን ሲያፈስ አደረ።

ልጁ ሱብሒ ሰግዶ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ መጣ። ቁልፉን ከፈተ፣ ገባ፣ እንደ ሁልጊዜው ማብሪያውን ተጫነ። በማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ስትጫኑት ትንሽ ብልጭታ አለ፤ አይታይም እንጂ አለ። ሰማያዊ እሳት ወለሉን እንደ ጎርፍ ሄደበት ብሎ ነው የነገረን። የተቃጠለው እግሩ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች፣ የግራ እጁም። ጸጉሩን አልነካውም። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። ጋዙ የት ተኝቶ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምን አለ? በሩን ገና አልዘጋውም ነበርና ወደ ውጪ ወደቀ። ያ ነው ያተረፈው።

የጮኸውን ሰምተን ወጣን። አንዱ ጥርስ ሳሙና አመጣ፣ አንዷ ሊጥ አመጣች። ሁሉም በፍቅር ነው። አንዲት የጤና ኮሌጅ ተማሪ ባትኖር ያንን ሁሉ እንቀባው ነበር። "ውሃ ብቻ!" አለች። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በዝግታ ለ20 ደቂቃ አፈሰሰችለት። ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ካልሲ እንዳንጎትተውም ከለከለችን። ሐኪሙ በኋላ ትክክል ነው አላት። ልጁ አሁን ይራመዳል፤ ሥራ ግን አልተመለሰም። እናቱ በየሳምንቱ ለፋሻና ለመድኃኒት የምታወጣውን እድሩ እየደጎመ ነው። የእድራችን ደንብ የተጻፈው ለቀብር ነበር። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አልነበረንም፤ አጽፈናል።

ያን ዕለት ማስታወቂያው ላይ አለመጻፉ የከፋን ነገር አለ፤ የእሳት አደጋ ስልክ። ለቅጣት የሚደወልበት ቁጥር ተጽፏል። ጋዝ ቢሸታችሁ ወይም እሳት ቢነሳ የሚል ቁጥር ግን የለም። ከጎረቤት ስልክ ላይ ያገኘነውን ሰባት ጊዜ ደወልን። አልተነሳም። ስምንተኛው ላይ ያነሳው ሰው ትሑት ነበር፤ መኪናው ግን እኛ ሰፈር ከአስፋልቱ በላይ መውጣት እንደማይችል ነገረን። እውነቱን ነው። ሰፈራችን ውስጥ አህያ ከነጭነቷ ስትመጣ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚያሳልፋት። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን አንወቅስም። ግን መኪና እንደማይደርስ ከታወቀ፣ ሰፈሩ ራሱን እንዲያድን ማሠልጠን የማን ሥራ ነው?

ነጋዴዎችም ድርሻ አላችሁ። ሲሊንደር ስትቀይሩልን ሚዛን ላይ አታስቀምጡም። የታሸገበትን ላስቲክ ከፍታችሁ ነው የምትሰጡን። ያፈስ እንደሆነ ስንጠይቅ አንዳንዶቻችሁ ክብሪት ጭራችሁ አፉ ላይ ታስጠጋላችሁ። ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጋዝ በክብሪት አይፈተሽም። ኦሞ ወይም ላርጎ በውሃ በጥብጦ መጋጠሚያው ላይ መቀባት ነው። አረፋው ከነፋ ያፈሳል፤ ካልነፋ ደህና ነው። በቃ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በሳንቲም የሚሠራ ነገር ነው።

በጓሮ ከአንድ ሲሊንደር ወደ ሌላ የምትገለብጡም አላችሁ። ሲሊንደር ጢም ብሎ አይሞላም። ከ80 በመቶ በላይ ፈሳሽ መያዝ የለበትም፤ ሲሞቅ ፈሳሹ ስለሚያብጥ ማበጫ ቦታ ያስፈልገዋል። ደሴ ብርድ ላይ ጢም ብሎ የተሞላ ሲሊንደር በአይሱዙ ተጭኖ ባቲ ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

መልስ እንደሚኖራችሁ እናውቃለን። ውጪ ያደረ ሲሊንደር ይሰረቃል ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ከእኛም ሁለት ተሰርቋል። በብርድ ጊዜ ጋዙ ይደክማል የሚልም አለ። እሱም እውነት አለው፤ ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ በታች ጋዝ ሆኖ አይወጣም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ነበልባሉ ሲያንስ አይተናል። አንዳንድ እናቶች የፈላ ውሃ ይደፉበታል፣ ከከሰሉ አጠገብ ያስጠጉታል። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ግን ለሁለቱም መፍትሔው ሲሊንደሩን አልጋ ራስጌ ማስገባት አይደለም። ከቤቱ ውጪ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ታችም ላይም አየር የሚያሳልፍ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ፍርግርግ ሳጥን ነው። ማንኛውም የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ቀለም ቢቀባ ደግሞ ያምራል። ለከተማዋ ገጽታ የምትፈልጉት ይህ ከሆነ አብረን እንቀባዋለን።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋል። ስለዚህ እኛ እርስ በርስ የተማማርነውን እዚህ እናስቀምጠው። ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪትም ሻማም አትጫሩ። መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ። ሕፃናትንና አረጋውያንን ቀድማችሁ አውጡ። በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት፤ መስኮት ብቻ አይበቃም። ያለ አደጋ መድረስ ከቻላችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ። ካልቻላችሁ ተዉት። ስልክ የምትደውሉት ከግቢ ውጪ ቆማችሁ ነው። ቆጣሪው ውጪ፣ ከሽታው ርቆ ካለ ከዚያ አጥፉት። መብራት ጠፍቶ ከሆነ ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ፍሪጁና ምጣዱ በራሳቸው ይነሳሉ፣ ብልጭታውን እነሱ ይሰጡታል። ከታች ላለው ጎረቤትም ጩኹለት፤ ጋዙ ወደ እሱ ነው የሚወርደው።

ሲሊንደሩ አፍ ላይ እሳት ከያዘ ደግሞ፣ ገና ትንሽ ከሆነና ቫልቩ (መዝጊያው) ጋ እጃችሁ ከደረሰ፣ በውሃ የራሰ ወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ከጎን ሆናችሁ ዝጉት። ጋዙን መዝጋት ካልቻላችሁ እሳቱን ብቻ ለማጥፋት አትታገሉ። እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ ቤቱን ሞልቶ ይፈነዳል። ሰው አርቁና ሽሹ። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይቁም፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ይወጣል፣ የነካውን ቆዳ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። አለቀ ያላችሁት ሲሊንደር ውስጥም ጋዝ አለ።

አሁን ጥያቄያችንን እንናገር።

የመጀመሪያውና ትልቁ፣ በጥር ወር የተለጠፈው ማስታወቂያ ይሻር። በምትኩ ሲሊንደር ከመኖሪያ ክፍል ውጪ፣ አየር በሚያገኝ ፍርግርግ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይመታው ደልዳላ ቦታ፣ ከፍሳሽ ቦይና ከበር ራቅ ብሎ ይቀመጥ የሚል መመሪያ አውጡ። ማስታወቂያውን ፈርቶ ያስገባ ሰው እንዲያወጣም በድምፅ ማጉያ ይነገረው። ይህ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ በሮች ሁሉ ሊዘጉ ነው። ለተከራዮች ደግሞ አከራዩ ቦታ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት። እንጀራ የምትጋግረዋ እህታችን ፍርግርጉን ብታሠራ እንኳ ያለ አከራይዋ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ማሰር አትችልም።

ሁለተኛ፣ ሲሊንደር የሚሸጥ ሁሉ ሲያስረክብ በገዢው ፊት በሳሙና አረፋ ይፈትሽ፣ ጎሚኒውን ይይ፣ ሚዛን ላይ ያስቀምጥ። የውሃ ጎማ ለጋዝ መሸጥ ይከልከል። የጋዝ ጎማ ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፤ ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ ቀይሩት ይላሉ። ተቆጣጣሪ ስትልኩ ፈቃድ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ጎማውን ይመልከት። በጓሮ መገልበጥ ይቁም።

ሦስተኛ፣ ሌሊትም የሚነሳ አንድ የስልክ ቁጥር ስጡን። እኛ በየግቢው በር ላይ እንለጥፈዋለን። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ፤ ከባቲና ከከሚሴ መጥተው ምግብ ቤት የሚሠሩ ልጆች አሉን፣ ምድጃውን ጠዋት የሚለኩሱት እነሱ ናቸው።

አራተኛ፣ መኪና በማይደርስበት ሰፈር በየእድሩ ጥቂት ሰዎች አሠልጥኑልን። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በግማሽ ዋጋ እንኳ ብታስገኙልን ቀሪውን እድሩ ይከፍላል፤ በጉባኤ ወስነናል። ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ፣ ባለሙያ ልካችሁ አሳዩን። ወረቀት አትላኩ። አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ሬጉሌተርና አንድ ኩባያ የሳሙና ውሃ ይዞ የሚመጣ ሰው ላኩ። ቡናውን እኛ እናፈላለን፤ ሲሊንደሩ ከግቢ ውጪ ሆኖ።

አምስተኛ፣ የተቃጠለው ወጣት ጉዳይ ይጣራ። ሲሊንደሩን ያስገባው በታዘዘው መሠረት ነው። ሕክምናው እስኪያልቅ የሚረዳበት መንገድ ይፈለግለት። ከእናቱ ጋር ሆነን ቢሮ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ሦስተኛ ጊዜ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንመጣለን። ጎሚኒዋን ይዤ እመጣለሁ።

በእድሩ አባላት ስም፣

የእድሩ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር
የእድሩ የሴቶች ተጠሪ፣ ቡና አፍይ
የሰፈሩ የቁርስ ቤቶች ተወካይ
ደሴ